ወተት ሆድ የሚነፋው ለምንድን ነው?

ወተት አይስማማኝም የሚል ሰው አይብ በጎመን ሲበላ ብታዩት አልዋሸም። ችግሩ ያለው ላክቶስ በሚባለው የወተት ስኳር ላይ ነው፤ ሩብ ሊትር ወተት 12 ግራም ያህል ይይዛል። ይህ ስኳር ለሁለት ካልተከፈለ ወደ ደም አይገባም። የሚከፍለው ላክቴዝ የተባለው የትንሹ አንጀት ኢንዛይም ነው። የሚጠባ ሕፃን ሞልቶለታል፤ ጡት ከጣለ በኋላ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በሽታ ልለው አልደፍርም። እንደ አፋር ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን ኢንዛይሙ ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅለት ሰው ብዙ ነው፤ በዘር ይወረሳል።

ያልተከፈለው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ውኃ ይስባል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያብላሉትና ጋዝ ያወጣሉ። ከግማሽ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። ወተቱን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ስኳሩን አይነካውም። ስቡን መግፈፍም አይረዳም።

የኛ ጓዳ ግን መላ አለው። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ እርጎ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው። ሳይሞቅ ከተበላ ደግሞ ሆድ ከገባም በኋላ የቀረውን ስኳር መክፈሉን ያግዛሉ። እርጎው ሲናጥ የሚወጣው ቅቤ ስብ ስለሆነ ላክቶሱ ለስም ያህል ነው፤ ሲነጠር ያም ይጠፋል ማለት ይቻላል። አሬራው እሳት ሲያገኝ አይቡ ይለያል፤ ከተረፈው ስኳር አብዛኛው በአጓቱ ውስጥ ተጠልሎ ይሄዳል። እንግዲህ ሆዱ የሚቸገር ሰው አይቡን ይብላ፣ አጓቱን ይተው።

መጠኑም ወሳኝ ነው። በማኪያቶ ውስጥ ያለችው ወተት ምንም የማትለው ሰው በባዶ ሆዱ ሙሉ ብርጭቆ ሲጠጣ ይታመማል። ከምግብ ጋር፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲሆን ብዙዎች ይችሉታል፤ የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎችም በየቀኑ ትንሽ ሲያገኙ በሳምንታት ውስጥ ይለምዱታል። ከ55 ቀን የዐቢይ ጾም በኋላም በእርጎ መጀመር ከወተት ይሻላል እላለሁ።

ወተት ሲስማማው ኖሮ በድንገት ያስቸገረው ሰው ሰገራውን ይመርመር። ጃርዲያ የአንጀትን ግድግዳ ይጎዳና ኢንዛይሙን ይቀንሳል፤ ታክሞ አንጀቱ ሲያገግም ወተቱም ይመለስለታል። ደም፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ሐኪም ዘንድ በቶሎ ይሂድ። ሽፍታና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደግሞ ነገሩ የወተት አለርጂ እንጂ ላክቶስ አይደለም፤ ለሕይወት ያሰጋል።

ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ግን ወተት ነው ያመመው ብላችሁ ጡት እንዳታስጥሉት። የእናቱን ጡት ደጋግሞ ይጥባ፤ ኦአርኤስም ይሰጠው፤ ጤና ጣቢያም ውሰዱት።