የጠመንጃ መነጽር፦ የአልሞ ተኳሾችን ውጊያ የለወጠው መስታወት

አልሞ ተኳሽ በጦር ሜዳ የሚፈራው በጠመንጃው ብቻ ሳይሆን በላዩ በተገጠመው መነጽርም ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ጥራት ያለው ሌንስ መሥራት የጦር ኃይል ጉዳይ እንደነበረ ያሳያል።

መነጽር በሌለው ጠመንጃ የሚያልም ሰው የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ በአፈሙዙ ጫፍ ያለውን ጉጥና ዒላማውን በአንድ መስመር ማገናኘት አለበት። ዓይን ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። መነጽሩ ዒላማውን አቅርቦ፣ ከማለሚያው ምልክት ጋር በአንድ እይታ በማሳየት ችግሩን ይፈታል።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) አንዳንድ የደቡብ ተኳሾች በእንግሊዝ ሠራሹ የዊትዎርዝ ጠመንጃ ጎን መነጽር ገጥመው ተዋግተዋል። መነጽሩ በስፋት ግንባር የደረሰው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የምሽግ ውጊያ ሲጀመር ጀርመን የዳበረ የአደን ባህልና እንደ ዛይስ ያሉ ስመ ጥር የሌንስ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ የአደን ጠመንጃዎችም ከነመነጽራቸው ወደ ግንባር ተላኩ። ብሪታንያ በአንጻሩ ከጦርነቱ በፊት አብዛኛውን የሌንስ መስታወት ከውጭ፣ በተለይም ከጀርመን ታስገባ ስለነበር ክፍተቱን ለመሙላት ጊዜ ወሰደባት። እ.ኤ.አ. በ1916 ሻለቃ ሄስኬዝ-ፕሪቻርድ የአልሞ ተኳሾችና የቃኚዎች ትምህርት ቤት አቋቋመ። ትምህርቱ ከመተኮስ ባሻገር መመልከትን፣ መደበቅንና የታየውን በትክክል መዘገብን ያካትት ነበር።

ሶቪየት ኅብረት በ1930ዎቹ የራሷን የጠመንጃ መነጽሮች በብዛት ማምረት ጀመረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሞሲን ናጋንት ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው ፒዩ የተባለው መነጽር ዒላማን 3.5 እጥፍ ያቀርብ ነበር። ሴቶችም በዚህ ሙያ ሠልጥነው ዘምተዋል፤ ከእነርሱም ለሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ 309 ግዳይ ተመዝግቦላታል።

መነጽር ግን ጉድለትም አለው። በቅዝቃዜ ይጨጉጋል፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ተኳሹንም ራሱን ከፍ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። በእነዚህ ምክንያቶች እ.ኤ.አ. በ1939–40 በተካሄደው የክረምት ጦርነት ዝነኛው ፊንላንዳዊ ሲሞ ሃይሃ ያለ መነጽር መተኮስን መርጧል።

ዛሬ ርቀት የሚለኩ የሌዘር መሣሪያዎችና የጥይትን ጉዞ የሚያሰሉ ኮምፒውተሮች ተጨምረዋል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፦ መነጽሩ ተኳሹን ከአደጋ አርቆ ያስቀምጠዋል፤ የሚገድለውን ሰው ፊት ግን ያቀርብለታል።