ደፋር ማን ነው? የደፈረውስ ምንድን ነው?

ፍርሃት የሌለውን ሰው «ደፋር» እንለዋለን። አነጋገራችንን ልብ ብሎ ላጤነው ግን ቃሉ የሚነግረን ስለ ሰውየው ልብ ሳይሆን ስላለፈው ድንበር ነው። «ደፈረ» የሚለው ግስ ብቻውን አይቆምም፤ ማንን? ምንን? ያሰኛል። የሞላ ወንዝ የተሻገረ ደፈረ፤ አባቱ ፊት ድምፁን ከፍ ያደረገ ልጅም ደፈረ። ታላቁን ሊያርም የተነሳ ጨዋ ሰው «ድፍረት አይሁንብኝና» ብሎ የሚጀምረው የሚያልፈውን መስመር ስለሚያውቅ ነው። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ሲባል ውዳሴ ይሁን ወቀሳ የሚለየው በተናጋሪው ድምፅ ነው። እንግዲህ ደፋር የተባለውን ሁሉ ከማሞገሳችን ወይም ከመገሠጻችን በፊት የደፈረው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ይህን አጉልቶ ያሳየ ሥራ በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ ርእሱ «ድፍረት»። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተው ፊልም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ የተደፈረችና ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅን፣ ለእሷም የቆመችውን ጠበቃ ይከተላል። ወንጀሉም ድፍረት፣ የልጅቷና የጠበቃዋ ተግባርም ድፍረት ነው። ጠላፊው የደፈረው የልጅቷን ገላ፣ ልጅቷ የደፈረችው ጠለፋን ጋብቻ ብሎ የሚጠራውን ልማድ ነው። ልማዱ ደግሞ ሕግ ተገን ሆኖት ነበር፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ተጠቂዋን በፈቃዷ ካገባ ክስ አይቀርብበትም ነበር። ይህ ድንጋጌ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀርቷል።

ሁለቱ ትርጉሞች በአጋጣሚ አንድ ድምፅ የተጋሩ ናቸው፣ ዐውዱ ይለያቸዋል የሚል ሰው ይኖራል። ዐውዱ መለየቱ እውነት ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ሀገርም ሴት ልጅም «ተደፈረች» የምንለው ሁለቱም ሊነካ የማይገባ ክብር አላቸው ብለን ስለምናምን ነው። ቃሉ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ክብሯ ተነካ ስንል ነውሩን ከአድራጊው አንስተን በተደረገባት ላይ እንጥላለን። የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 620 «አስገድዶ መድፈር» ሲል ማስገደዱን ማስቀደሙ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራልና።

ዛሬ «ደፋር ጋዜጠኛ» ስንል ንጹሕ ምስጋና አይደለም ወይ? ቢባል፣ አዎን፣ ነው። ግን ያመሰገንነው ጋዜጠኛው ስለማይፈራ አይደለም፤ ምናልባት ሌሊቱን በሥጋት ሳይተኛ አድሮ ይሆናል። ያመሰገንነው ያለፈው መስመር ሥልጣን ያላቸው ለራሳቸው ያሰመሩት ስለሆነ ነው። ያው ጋዜጠኛ የአንዲትን የተጠቃች ልጅ ስም ያለፈቃዷ ቢያወጣ ፍርሃት የለሽነቱ ሳይጓደል ድፍረቱ ሌላ ድፍረት ይሆናል።