የኅሊና ቁስልና የሕክምናው ምርጫ

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ ከፊሉም በገደብና በኮቸሬ በተጠለለ ጊዜ፣ የሥጋው ረኃብና ቁር ለዓይን የሚታይ ነበርና እህልና ብርድ ልብስ ታሰበለት፤ የኅሊናው ቁስል ግን እንደ ጠባዩ ተሸሽጎ ቆየ። ዛሬ በጌዴኦ ከተማ በዲላ «የሥነ ልቡና ሕክምና ያሻሃል» የተባለ ሰው፣ ሕክምናው አንድ ዓይነት ብቻ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ሕማሙ ልዩ ልዩ እንደ ሆነ ሁሉ ፈውሱም ልዩ ልዩ ነው።

ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ባህላዊ ሸንጎ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች በሰውና በሰው መካከል የተነሣውን ጠብ መርምረው፣ በዳይን አስክሰው፣ ተበዳይን አስታርቀው ያሰናብታሉ። ዕርቅ ከወረደ በኋላ እንኳ ግን ሌሊት እየባነነ የሚነሣ ሰው አለ፤ የእርሱ ክርክር ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከገዛ ተዘክሮው ጋር ነውና፣ ሸንጎ ሊዳኘው አይችልም።

ለእንዲህ ያለው ሰው፣ በጀርመን አገር በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ሻወር፣ ኖይነርና ኤልበርት የተባሉ ሊቃውንት ለጦርነትና ለስደት ሰለባዎች ያዘጋጁት የትረካ ሕክምና ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ። አስፈሪ ነገር በደረሰ ጊዜ አእምሮ ጭሱን፣ ጩኸቱንና የልቡን ትርታ አጥብቆ ሲይዝ፣ ዕለቱንና ሥፍራውን ግን ከዚያ ጋር በቅጡ ሳያያይዝ ይቀራል፤ ስለዚህ የማገዶ ጭስ የሸተተው ሰው፣ ያለፈው መከራ አሁን የሚደርስበት ይመስለዋል። ባለሙያው ገመድ ይዘረጋለታል፤ ታማሚውም ከልደቱ ጀምሮ በደስታው ዘመን አበባ፣ በመከራው ዘመን ድንጋይ ያኖራል፤ ከዚያ በየቀጠሮው ታሪኩን በተራ ይተርካል። ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ያየውን፣ የሰማውን፣ ያሸተተውንና ያሰበውን ሁሉ ሳይቸኩል እንዲናገር ይረዳል እንጂ፣ እንዲዘልል አይፈቀድለትም፤ በፍጻሜው የተጻፈው ታሪክ ተነብቦለት ይሰጠዋል። በኡጋንዳ በሱዳን ስደተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ ከሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ የድንጋጤው ሕመም ያልለቀቃቸው በትረካ ከታከሙት 29 ከመቶ፣ ተራ የማጽናኛ ምክር ካገኙት ግን 79 ከመቶ ነበሩ። የተጠኑት ሰዎች 43 ብቻ ስለ ነበሩ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ሆኖም ማጽናናት ሁሉ ሕክምና አለመሆኑን ያመለክታል።

ከቡናውና ከእንሰቱ ተለይቶ በሰው ደጅ የተቀመጠ ገበሬ በትካዜ ቢዋጥ ግን፣ ድንጋጤ ሳይሆን የኑሮው ማዕርግ መለወጥ ነው የጎዳው። ለእርሱ በሐዘን፣ በጠብ፣ በብቸኝነትና በኑሮ ለውጥ ላይ የሚያተኩረው፣ ክለርማንና ዋይስማን የጀመሩት የግንኙነት ሕክምና ይሻለዋል፤ በኡጋንዳ ገጠርም በ30 መንደሮች በተደረገ ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ የአገሬው ሰዎች ታማሚዎችን በማኅበር ሰብስበው ለ16 ሳምንት ሰጥተውት ትካዜን አቅልሏል። ራሱን «ከንቱ ነኝ» እያለ ዘወትር የሚወቅስ ሰው ደግሞ፣ አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀመረው በአስተሳሰብ ሕክምና፣ አሳቡን እንደ ምስክር ቃል እየመረመረ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለያል።

መከራው እንደ ደረሰ በዚያው ሰሞን ሰውን «ያየኸውን ሁሉ ተናገር» ብሎ ማስገደድ ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የማይመክረው ነገር ነው፤ በመጀመሪያ መጠለያ፣ የጠፋ ቤተሰብ ማፈላለግና በጽሞና ማዳመጥ ይቀድማሉ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰውም በንግግር ብቻ አይታከም፤ መድኃኒት ያስፈልገዋልና በቀጥታ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ይወሰድ። መድኃኒት ስለ ወሰደ ግን ጸሎቱን መተው አያስፈልገውም።

ባለሙያ በሚያንስበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው፣ በአምስት ቀጠሮ የሚፈጸመውና ሠልጥኖ ክትትል ለሚደረግለት ተራ ሰው የታሰበው ዘዴ ጠቃሚ ነው። ታማሚው ግን ማንም ዘንድ ቢሄድ ሊጠይቀው የሚገባ አለ፦ ሕማሜ ምንድን ነው? የምትሰጠኝ ሕክምና የትኛው ነው? ስንት ቀጠሮ ይፈጃል? ካልተሻለኝስ ምን እናደርጋለን?