ቱቦው መንገድ ላይ ምን ገጠመው?

ሰሞኑን በኢንቦክስ ከኤችአይቪ ጋር ከሚኖር ሰው አንድ ጥያቄ ደረሰኝ፦ «መድኃኒቴን አንድ ቀን እንኳ አልዘለልኩም። ባለፈው ቫይራል ሎዴ (በደሜ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) "አልታየም" ተብሎ ነበር፤ አሁን ግን 340 ኮፒ መጣ። ምን ሆኜ ነው?»

እሱ ምንም ላይሆን ይችላል። የሆነው የደም ናሙናው ቱቦ ሊሆን ይችላል።

ላብራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝ። አንድ አርብ ከሰዓት ከሩቅ የመጣ የናሙና ሳጥን ከፈትን። በረዶው ቱቦዎቹ ላይ ተጣብቆ ደሙን ከነሴሉ በረዶ አድርጎታል። ቀልጦ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ሲዞር፣ ጥርት ብሎ ቢጫ መሆን የነበረበት ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) እንደ ከርከዴ ሻይ ቀልቶ ወጣ። ያ ናሙና ወዲያው ተጣለ።

ብዙ ሰው «ናሙና ሲበላሽ ቫይረሱ ይቀንሳል» ብሎ ያስባል። እውነት ነው፣ የቫይረሱ አርኤንኤ ሙቀት ሲበዛበት ይፈርሳል። ፕላዝማው ያልተለየ ደም በረዶ ሲሆን ወይም መለየቱ ሲዘገይ ግን ቁጥሩ ወደ ላይም ሊሄድ ይችላል። ሴሎቹ ይፈነዱና ውስጣቸው ተደብቆ የኖረው የቫይረሱ ዘረመል ፕላዝማው ውስጥ ይፈሳል፤ አንዳንድ ማሽን ደግሞ ይህንንም ይቆጥረዋል። ጄል ያለውን ቱቦ ፕላዝማው ሳይገለበጥ እንዳለ በረዶ ማድረግም እንዲሁ የውሸት ጭማሪ ሊያመጣ ይችላል። በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታም ሙሉ ደም ስለሆነ፣ ዝቅተኛ መጠን ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ስለዚህ ነው ወይን ጠጅ ክዳን ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የኢዲቲኤ ቱቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ተለይቶ እንዲወጣ የሚታዘዘው። ከዚያ ለጥቂት ቀን ፍሪጅ፣ ለረጅም ጊዜ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ።

ለአንድ ታካሚ ጥርጣሬ ካለ ምርመራው ይደገማል። የመድኃኒት ጥናት ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። የአንዱ ቡድን ናሙና በዕለቱ ተለክቶ የሌላው ሁለት ዓመት ከቆየና መብራት በጠፋ ቁጥር ከቀለጠ፣ ልዩነቱ የመድኃኒቱ ይሁን የፍሪዘሩ ማንም አይለየውም። እኔ የፍሪዘር መዝገብ የሌለውን ውጤት አላምንም።

የእኛ አገር ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። የናሙናው ቅጽ ላይ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት «3፡00» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል። በማን ሰዓት? በኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ፣ በፈረንጅ 9፡00 ነው። ከ24 ሰዓቱ ላይ ስድስቱ በዚህ ይምታታል።

ደም የምትቀዱ ወንድም እህቶች፣ ሰዓቱን ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉልን። ጠያቂዬ፣ አንተም መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ፤ ሐኪምህን አማክረህ ምርመራውን አስደግመው።