የማይታየው ኮከብ እንዴት ታወቀ?

ሐኪም የተሰበረ አጥንት ለማየት የሚጠቀምበትና በተለምዶ ራጅ የሚባለው የኤክስ ጨረር ከአንዳንድ የሰማይ አካላትም ይመነጫል። ይሁን እንጂ ምድርን የከበበው አየር ይህን ጨረር ውጦ ስለሚያስቀረው፣ መመልከቻ መሣሪያ በረጅም ተራራ ጫፍ ላይ እንኳ ቢተከል ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ መሣሪያውን ከአየሩ በላይ ማውጣት ግድ ሆነ።

ለዚሁ ምርምር ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመጠቀችው ከምሥራቅ አፍሪቃ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970 በኬንያ የማሊንዲ ከተማ አቅራቢያ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከቆመው ሳን ማርኮ ከተባለው የኢጣሊያ መድረክ ተተኰሰች። ቦታው ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ የምድር ሽክርክሪት ወደ ምሥራቅ ለሚተኰስ ሮኬት ተጨማሪ ፍጥነት ይሰጠዋል። ዕለቱ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለ ነበረ ሳተላይቷ «ኡሁሩ» ተባለች፤ በስዋሂሊ ቋንቋ «ነፃነት» ማለት ነው።

በሪካርዶ ጃኮኒ የሚመሩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 በኡሁሩ አማካይነት ሴንታውረስ ኤክስ-3 የተባለውን የጨረር ምንጭ ሲመረምሩ ሁለት ነገሮችን አስተዋሉ። አንደኛ፣ ጨረሩ በየ4.8 ሴኮንዱ ብልጭ ይላል። ሁለተኛ፣ በየ2.1 ቀኑ ለግማሽ ቀን ያህል ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል።

ጨረሩ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ጨረቃ ፀሐይን እንደምትጋርድ ሁሉ፣ አንድ ግዙፍ ኮከብ የጨረሩን ምንጭ ስለሚጋርደው ነው። ለዚህም ሌላ ማስረጃ አለ። ምንጩ ወደ ምድር አቅጣጫ ሲመጣ ብልጭታዎቹ ይቀራረባሉ፤ ሲርቅ ደግሞ ይራራቃሉ። ከዚህ በመነሣት በሴኮንድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ጓደኛውን እንደሚዞር ታወቀ። ግዙፉን ኮከብ ራሱን በብርሃን መመልከቻ ለይቶ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ፖላንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቮይቼክ ክሸሚንስኪ ነው። የኮከቡ ቁስ ከፀሐይ ሃያ እጥፍ ያህል ነው።

ተሰዋሪው ጓደኛ ኒውትሮን ኮከብ ነው። ኒውትሮን ኮከብ የሚፈጠረው የአንድ ግዙፍ ኮከብ እምብርት በዕድሜው ፍጻሜ ወደ ውስጥ ሲደረመስ ነው። ስፋቱ ከአንድ ከተማ ባይበልጥም ቁሱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ከእርሱ የተወሰደ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁስ በቢሊዮን የሚቆጠር ቶን ይመዝናል። የስበት ኃይሉ ከግዙፉ ኮከብ ጋዝ ይስባል፤ መግነጢሳዊ ኃይሉ ደግሞ ጋዙን ወደ ዋልታዎቹ ይመራዋል። በዚያ የሚወድቀው ጋዝ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ስለሚግል የኤክስ ጨረር ያመነጫል። አንድ ሰው ባትሪ አብርቶ በቆመበት ቢሽከረከር ከሩቅ ለሚያየው ብርሃኑ ብልጭ ድርግም እንደሚል ሁሉ፣ ኮከቡም ሲሽከረከር ጨረሩ ብልጭ ይላል።

ነገር ግን በኤክስ ጨረር የሚታይ ጥንድ ኮከብ ሁሉ ኒውትሮን ኮከብ አለው ማለት አይደለም። ሲግነስ ኤክስ-1 የተባለው ጥንድ እንዲህ ያለ የተስተካከለ ብልጭታ የለውም፤ የተሰዋሪው ጓደኛው ቁስም ከፀሐይ ከአሥር እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ኒውትሮን ኮከብ ይህን ያህል ቁስ ሊሸከም ስለማይችል፣ ያ አካል ጥቁር ጉድጓድ መሆኑ ታምኖበታል። ብልጭታም ሳይታይ፣ ቁሱም ሳይለካ ሲቀር ግን ተመራማሪዎች «ኒውትሮን ኮከብ ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፉም። በሳይንስ መገመት የተፈቀደ ነው፤ ግምትን እንደ እውነት ማወጅ ግን ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ይቆያል።