የደብረ ታቦር ብርድ ኮምፒውተር ያቀዘቅዛልን?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በኮምፒውተር ክፍላችን በር ላይ ዘወትር የሚሰማ ክርክር ነው። አንዱ «ይኼ ማሽን ተንቀራፈፈ፤ ኦቨርክሎክ እናድርገው» ይላል። ሌላው «ተው፣ ግሎ ይቃጠላል!» ሲል ይመልስለታል። ያን ጊዜ ሦስተኛው ጣልቃ ይገባና «የምን መጋል! ጉና ሥር ተቀምጠን? ብርዱ ራሱ ያቀዘቅዘው የለ እንዴ!» ይላል። ለመሆኑ ከሦስቱ ትክክለኛው ማን ነው?

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ያየሁትን ላጫውታችሁ። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ትምህርት ቤት ለስድሳ ተማሪ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ስምንት ብቻ ነበሩ። በተግባር ፈተናው ቀን አንዲት ተማሪ ሠንጠረዧን ሠርታ ልትጨርስ ስትል ማሽኑ ድርግም አለ። አስነሣነው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ጠፋ። ልጅቱ እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ቲቸር፣ እኔ ምንም አልነካሁም!» አለች። እኛም «ቫይረስ ነው» ብለን ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ ጫንነው። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ክዳኑን ብንከፍተው የማራገቢያው ሥር በጠመኔ ብናኝና በአቧራ ተደፍኖ ለምድ መስሏል። ጥፋቱ የልጅቱ አልነበረም፤ የቫይረስም አልነበረም። የእኛ የመምህራኑ ነበር።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የኮምፒውተሩ አንጎል የምንለው ሲፒዩ በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት። ፍጥነቱ 3 ጊጋኸርትዝ ነው ስንል በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለታችን ነው። በየምቱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ደግሞ መጨረሻው ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት በሁለት ነገር ያድጋል። አንደኛ፣ ከምቱ ፍጥነት ጋር እኩል ያድጋል። ሁለተኛ፣ ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ያድጋል።

ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ሲፒዩው ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ እንዲመታ ማስገደድ ነው። ሲፈጥን እንዳይሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጁንም መጨመር ያስፈልጋል። እንግዲህ ፍጥነቱን 10 ከመቶ፣ ቮልቴጁንም 10 ከመቶ ብንጨምር ሒሳቡ 1.1 × 1.1 × 1.1 ይሆናል፤ ይኸውም 1.33 ገደማ ነው። ዐሥር ለማትረፍ ሠላሳ ሦስት መክፈል ማለት አይደል?

ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከሲፒዩው ጀርባ ተነሥቶ በተርማል ፔስት በኩል ወደ ሂት ሲንኩ፣ ማለትም ክንፍ ክንፍ ወዳለው ብረት ይሻገራል። ከዚያም ማራገቢያው በሚነፋው አየር ተጠርጎ ይወጣል። እዚሁ አጠገባችን ጋፋት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ ይሠራበት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የብረት ቀጥቃጭ ወናፍ አየር የሚነፋው እሳቱ እንዲግል ነው። የኮምፒውተር ማራገቢያ ግን ያንኑ አየር የሚነፋው ሙቀቱን ጠርጎ ለማውጣት ነው። አየር ካነሰው ሁለቱም ሥራቸውን አይሠሩም።

አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ስስ ነው

ከዚህ ላይ የሦስተኛውን ጓደኛችንን አሳብ እንመርምር። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው ቶሎ አልበስል እያለ ማገዶ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባቄላውን የሚያዘገየው የአየር ግፊት ማነስ ለኮምፒውተሩም ይተርፋል። በእኛ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚዞረው ዙር አንድ ቢሆንም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል።

ስለዚህ ነው ብዙ ኮምፒውተር ሠሪዎች «ይህ ማሽን እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ይሠራል፤ ነገር ግን በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ቀንሱ» የሚል መመሪያ የሚሰጡት። በእኛ ከፍታ 2,700 ለ300 ሲካፈል 9 ይሆናል። ስለዚህ ክፍላችን 18 ዲግሪ ሲሆን ለማሽኑ በባሕር ጠለል 27 ዲግሪ የሆነ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ያህል ነው። ብርዱ ያተረፈልንን የአየሩ ስስነት መልሶ ይበላዋል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራና የጠመኔው ብናኝ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ያችን ተማሪ ማስታወስ ይበቃል።

ታዲያ ኦቨርክሎክ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?

ጠቅሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ የተባለው ርካሽ ሲፒዩ 300 ሜጋኸርትዝ ተብሎ ተሸጦ በብዙ ሰዎች እጅ 450 ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ባለሙያዎች በፈሳሽ ሂሊየም እያቀዘቀዙ አንድ ሲፒዩ ከ9 ጊጋኸርትዝ በላይ እንዲመታ አድርገዋል። ይህ ግን ለውድድር የሚሆን እንጂ ለማርክ መመዝገቢያ የሚሆን አይደለም።

በየትምህርት ቤቱ ያሉት የቢሮ ማሽኖች አብዛኞቹ ሲፒዩአቸው የተቆለፈ ነው፤ ማዘርቦርዳቸውም ኦቨርክሎክ አይፈቅድም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የዛሬ ሲፒዩ አስተዋይ ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል በራሱ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ በራሱ ይቀንሳል። ካልቻለም ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ የተደፈነውን ሂት ሲንክ ያጸዳ ሰው፣ ፋብሪካው የሰጠውንና አቧራው የቀማውን ፍጥነት አስመለሰ ማለት ነው፤ ያውም ቮልቴጅ ሳይነካ! ከዚያም በኋላ ቢንቀራፈፍ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የራም ማነስ ወይም የሃርድ ዲስኩ ማርጀት ነው። ኤስኤስዲ መለወጥ ከኦቨርክሎክ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ማሽኑን አጥፍተን ገመዱን ከሶኬት እንንቀል። ማብሪያውን አንድ ጊዜ እንጫን፤ የካሳውንም ብረት እንንካ፤ ይህ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያወጣል።

2ኛ/ አቧራውን ከደጅ ወጥተን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወይም በብሎወር እናራግፍ። የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ይዘን ይሁን፤ በብሎወር በኃይል ከዞረ ይበላሻል።

3ኛ/ ፔስቱ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ሂት ሲንኩን እናውጣው። ማሽኑን ቀደም ብሎ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት ፔስቱን ያለሰልሰዋል። ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ እያሉ ማላቀቅ እንጂ በጉልበት መንጨት አይገባም፤ ሲፒዩው ተጣብቆ አብሮ ሊነቀል ይችላል።

4ኛ/ አሮጌውን ፔስት ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል እንጥረግ። አረቄ አይሆንም! አዲሱን የአተር ፍሬ ያህል መሐሉ ላይ አድርገን ብሎኖቹን በአግድም፣ ማለትም ከአንዱ ጥግ ወደ ትይዩው ጥግ እያፈራረቅን እናጥብቅ።

5ኛ/ ስናስነሣው ባዮስ ገብተን ሙቀቱን እንይና ቀኑን ጨምረን በደብተር እንመዝግብ። በሚቀጥለው ወር ከፍ ካለ የምናውቀው በዚህ ነው።

6ኛ/ እየሠራ ያለ ኮምፒውተር ዳንቴል አይለብስም፤ ሌባ ፈርተንም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አንቆልፈው። ጨርቁ የሚለበሰው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ በየገጠሩ ስንመደብ የኮምፒውተር ጠጋኝ አጠገባችን ላይኖር ይችላል። አንድ ብሩሽ፣ ትንሽ አልኮልና አንድ ትንሽ መርፌ ፔስት ከጠመኔያችን ጋር ይዘን እንሂድ። ማሽን ድርግም ባለ ቁጥር «እኔ አልነካሁም!» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ እንዳይኖር ክዳኑን ከፍቶ ማየት የመምህሩ ፈንታ ነው።