ሁለት የሙዝ በሽታዎች፤ አንዱ ትርፍ፣ ሌላው ካፒታል ይበላል

ከአርባ ምንጭ አረንጓዴውን የተጫነ ሙዝ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ ጤነኛ ይመስላል። ጅምላ ነጋዴው ትርፍና ኪሳራውን የሚለየው ግን ሙዙ ከማብሰያ ቤት ሲወጣ ነው። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ዋጋው ይወርዳል። ለአምራቹ አስቀድሞ የከፈለ ነጋዴ ልዩነቱን ከኪሱ ይችላል።

ጥፋቱን በማብሰያ ቤቱ ማላከክ ይቀናል። አንትራክኖዝ የተባለው የፈንገስ በሽታ ግን ፍሬውን የሚይዘው ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ፍሬው እስኪበስል ተደብቆ ይቆይና ሲበስል ብቅ ይላል። በአጫጫን የተላላጠና የተቀጠቀጠ ሙዝ ደግሞ ይበልጥ ይጠቃል።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የደረቀ ቅጠልና የአበባ ቅሪት ከማሳ ማስወገድ፣ ሙዙን ሳይወረውሩ መጫን፣ ማብሰያ ቤቱን በየዙሩ ማጽዳት ነው። ማቀዝቀዣ የሚጠቀሙም ልኩን ይወቁ፤ ሙዝ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል።

የእርሻ ባለሀብቱን የሚያሰጋው ሌላ ነው። ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ በሥር ገብቶ የተክሉን የውኃ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ተክሉም ጠውልጎ ይሞታል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ አፈር ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግሮስ ሚሼል የተባለውን ሙዝ ከዓለም የኤክስፖርት ገበያ ያስወጣው ይኸው በሽታ ነው። ገበያውን የተረከበው ካቨንዲሽ በሽታውን ቢቋቋምም፣ ቲአር 4 የተሰኘው የፈንገሱ አዲስ ዝርያ ካቨንዲሽንም ይገድላል። ቲአር 4 እ.ኤ.አ. በ2013 በሞዛምቢክ፣ በ2019 በኮሎምቢያ ተገኝቷል። የአርባ ምንጭ ሙዝም በአብዛኛው የካቨንዲሽ ወገን ነው።

በሽታው የሚዛመተው በተበከለ ችግኝ፣ በመስኖ ውኃ፣ በጫማና በጎማ ላይ በተጣበቀ አፈር ነው። ስለዚህ ገንዘቡን በሙዝ ላይ ሊያውል ያሰበ ሰው ምንጩ ካልታወቀ ማሳ የተነቀለ ችግኝ ከመግዛት ይልቅ በላቦራቶሪ የተባዛ የቲሹ ካልቸር ችግኝ ቢመርጥ ይሻለዋል። ወደ እርሻው የሚገባ ተሽከርካሪ ጎማው ይታጠብ። ካፒታሉንም ሁሉ በአንድ የሙዝ ዝርያ ላይ አያፍስስ።

የአንድ ጭነት ኪሳራ በሚቀጥለው ጭነት ይካካስ ይሆናል። በፉዛሪየም የተያዘ መሬት ግን የሙዝ ዋጋ ቢወደድም ለባለቤቱ አይጠቅመውም።